በምርቃት የጨመርኩት እርሳስ

ሥራ ካቆምኩ ሁለት ወር አለፈኝ፤ ጭንቀቱ ግን ጡረታ አልወጣም። አሁንም ሲነጋጋ እነቃና ስልኬን አንስቼ የነፋሱን ነገር አያለሁ። ከሰሜን የሚነፍስ ከሆነ ሐይቁ ይናወጣል፣ ዶኮቹ ይጓተታሉ፣ የሆነ ቦታ አንድ የብረት ገመድ ይላላል፣ አንድ ሰውም ውሃ ውስጥ መግባት ይኖርበታል። ያ ሰው እኔ እንዳልሆንኩ ለማስታወስ ጥቂት ጊዜ ይፈጅብኛል። ባለቤቴ አልማዝ «ጌታሁን፣ ሐይቁ ሳትቀጠርም ነበረ» እያለች ትቀልድብኛለች። እኔ ግን የምጨነቀው ለሐይቁ አይደለም።

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሥራዬን የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም ነበር። «ጠላቂ ነኝ» ስለው፣ «እኛ የምናውቃት ጠላቂ ፀሐይ ናት» ብሎ የሳቀብኝ አለ። አንዳንዱ ደግሞ ዕንቁ የማወጣ ይመስለዋል። የእኔ ሥራ ጭቃ ውስጥ ነበር። በዳላስና በፎርት ወርዝ ዙሪያ ባሉ ሐይቆች ላይ ጀልባ የሚታሰርባቸው ተንሳፋፊ ዶኮች አሉ። ዶኮቹ እንዳይሄዱ ከሐይቁ ወለል ጋር በብረት ገመድ ተያይዘዋል። ገመዱ ይዝጋል፣ ማያያዣው ይላላል፣ ውሃው በዝናብና በድርቅ ከፍና ዝቅ ሲል ርዝመቱ መስተካከል አለበት። ይህን ሁሉ፣ አየር በሲሊንደር አዝሎ ታች ወርዶ፣ በእጁ እየዳበሰ የሚሠራ ሰው ያስፈልጋል። መዳበስ ያልኩት ዓይን እዚያ ስለማይጠቅም ነው፤ ውሃው ከጉሽ ጠላ ይብሳል።

ዋና የቻልኩት ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ስላደግሁ ነው። እናቴ ሐይቁ በየዓመቱ አንድ ሰው ይወስዳል ብላ ታምን ስለነበር፣ በዋኘሁ ቁጥር እገረፍ ነበር። ፍርሃቷ ግን አልቀረም፣ ወደ እኔ ተላልፏል። ምድጃ አጥፍቼ፣ በር ቆልፌ፣ መኪና ውስጥ ከገባሁ በኋላ ተመልሼ የማይ ሰው ነኝ። አሜሪካ ስመጣ መጀመሪያ ግሬፕቫይን ውስጥ የሆቴል እንግዶችን ከአየር ማረፊያው በሚኒባስ አመላለስኩ። ቀጥሎ ፋርመርስ ብራንች አንድ መጋዘን ገብቼ ሳጥን ሳነሳ ኖርኩ። ከዚያ ሐይቁ ዳር ለጀልባዎች ነዳጅ ቀጂ ሆንኩ። አንድ ቀን ማሰሪያው የተፈታ ጀልባ ነፋስ ሲወስደው ከነልብሴ ዘልዬ፣ ዋኝቼ ደርሼ መለስኩት። ዶኮቹን የምትጠግነው ሴትዮ ቆማ ታየኝ ኖሯል። ስወጣ መጣችና፣ «ፈርተህ ነበር?» አለችኝ።

«በጣም» አልኳት።

«እንግዲያው ሰኞ ና። የማይፈራ ሰው አልቀጥርም።»

ጆይስ የቀጠረችኝ እንዲህ ነው። የሥልጠናውንና የምስክር ወረቀቱን ጣጣ እዘለዋለሁ። ክፍያው ከመጋዘኑ ይሻላል፤ ጆሮን ግን ያደክማል።

በብርዱ ወራት የምንለብሰው ድራይ ሱት የሚባለውን ነው። ውሃ አያስገባም፤ አንገቱና የእጁ አንጓ በጎማ ጥብቅ ያለ ነው፤ ከውስጥ ወፍራም ልብስ ይለበሳል። የሚያሞቀው ልብሱ የያዘው አየር ነው፤ ጣጣ የሚያመጣውም ያው አየር ነው። አየር ያንሳፍፋል፣ ስለዚህ ለመስመጥ እርሳስ ታጥቀህ ትገባለህ። ስንት እርሳስ? የሥራ ዘመኔ ጭንቀት በሙሉ የተጠራቀመው እዚህች ጥያቄ ላይ ነው። ካነሰህ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አየር እያለቀ ሲሄድ አንተም እየቀለልክ ትሄዳለህ፤ መጨረሻ ላይ ቀስ ብለህ መውጣት ሲገባህ ሐይቁ እንደ ቡሽ ይተፋሃል። ከበዛብህስ? ሰው ሁሉ መብዛቱ ጉዳት የሌለው ይመስለዋል። ለእኔም ይመስለኝ ነበር።

ጆይስ ስድሳውን ያለፈች፣ አጠር ያለች፣ ድምፅዋ የጎረነነ ቴክሳሳዊት ነበረች። ከጆሮዋ ላይ እርሳስ አይጠፋም። በእኛ ቋንቋ የሚጻፍበትና የሚሰመጥበት ስማቸው አንድ ነው ብዬ ብነግራት በጣም ደስ አላት። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ፣ «ጌት፣ በየትኛው እርሳስ እንጀምር?» ትለኝ ነበር። የሚጀመረው በሚጻፍበት ነው። የለበስኩትን በሙሉ ደብተሯ ላይ ታሰፍራለች፤ ካልሲ እንኳ አይቀራትም። ትናንት በዚያው ልብስ፣ በዚያው ሲሊንደር ስንት ታጥቄ እንደገባሁ ተጽፎ እያለ፣ ዛሬ እንደገና ትለካኛለች። ስነጫነጭባት፣ «ትናንት የለካሁት ሰው ዛሬ አልመጣም» ትለኛለች።

አለካኳ እንዲህ ነው። ከዶኩ መሰላል አጠገብ፣ እግሬ ወለል ሳይነካ፣ ውሃው ውስጥ ቀጥ ብዬ እቆያለሁ። ግራ ክንዴን ወደ ላይ አነሳለሁ፤ የልብሱ አየር ማስወጫ እዚያ ነው፤ አየሩ እንዲወጣ ማስወጫው ከሁሉ በላይ መሆን አለበት። አየሩ እየተንፎለፎለ ይወጣል። ከዚያ ጆይስ ትጠብቃለች። ሙያው መጠበቁ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ የነካው ሰው ትንፋሹን ደረቱ ላይ ይዞ ይቀራል፤ ሳንባው የተነፋ ሰው ደግሞ ይንሳፈፋል። ላየው ሰው እርሳስ ያነሰው ይመስላል፤ እሱ ግን ፈርቶ ነው። ጆይስ ሱፍ እየቆረጠመች፣ ቅርፊቱን በመዳፏ እየሰበሰበች ዝም ትላለች። ትከሻዬ እስኪወርድ፣ ትንፋሼ እስኪረግብ፣ በልብሱ እጥፋት ውስጥ የተደበቀው አየር ሁሉ ወጥቶ እስኪያልቅ ትጠብቃለች። ያን ጊዜ ውሃው ዓይኔ ላይ ይደርሳል፤ ሳስተነፍስ ደግሞ ቀስ ብዬ እሰምጣለሁ። ከዚያ ላይ፣ ሲሊንደሩ ባዶ ሲሆን የሚቀለውን ያህል ብቻ ትጨምርና ደብተሯን ትዘጋለች።

«ደህና ነህ?» ብላኝ አታውቅም። መጀመሪያ ሰሞን ቅር ይለኝ ነበር። ምነው ብዬ ስጠይቃት፣ «ደህና ነህ ብዬህ ደህና አይደለሁም ብለህ ታውቃለህ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የእኛ ሰው ቤቱ እየተቃጠለም «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የሚለው። እሷ የምትጠይቀው፣ «እግርህ ላይ ምን ይሰማሃል? አየሩ አሁን የት ነው ያለው?» እያለች ነበር። ለዚህ ደግሞ በይሉኝታ መልስ መስጠት አይቻልም።

ጉልበቷ ሲደክም ጆይስ ሥራውን ትታ ልጇ ወዳለችበት ሄደች። ድርጅቷንም ፍሪስኮ ቢሮ ያለው ሌላ ድርጅት ገዛው። አዲሱ አለቃዬ ብራያን ሐይቁን የሚያውቀው ከመኪናው መስኮት ነው፤ ክፉ ሰው ግን አልነበረም። ሰው መለካቱን ለእኔ ሰጠኝ። የጆይስን ደብተር ወረስኩ፤ ትዕግሥቷን አልወረስኩም።

ኑሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የወሎ ሰው ነው፣ የሐይቅ ከተማ ተወላጅ፤ እንደ እኔው ውሃ ዳር ያደገ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር፤ የሁለት ልጆች አባት። እኔ በነበርኩበት መጋዘን ሠርቶ፣ በራሱ ጊዜ ተምሮ፣ ወረቀቱን ይዞ መጣ። እጁ ፈጣን፣ አንደበቱ ቁጥብ ነው። ከእኔ ቀድሞ አይቀመጥም፤ ሲሊንደር ልሸከም ስል ይነጥቀኛል። ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ሌሊቱን የሰሜን ነፋስ ሲያናውጠው አድሮ አንድ ዶክ ከቦታው ፈቀቅ ያለበት ጠዋት ነበር። የጀልባ ባለቤቶች ብራያንን አስጨንቀውታል፤ ብራያን ደግሞ በየሩብ ሰዓቱ እኔን ኮል ያደርጋል። የሚገባው ኑሩ ነው፤ በብርድ ሲገባ ሦስተኛው ነው። እኔ ምናልባት ካስፈለግሁ ብዬ ልብሴን ለብሼ፣ እሱ የታሰረበትን ገመድ ይዤ ዶኩ ላይ ቆሜያለሁ። ባለቤቱ ዘሀራ አዲስ ወፍራም የውስጥ ልብስ ገዝታለት ያን ቀን ለብሶታል። ሃያ ስምንት ፓውንድ ታጥቆ መሰላሉ አጠገብ ገባ፤ ክንዱን አነሳ፤ አየሩን አስወጣ። አልሰመጠም፤ ውሃው አገጩ ላይ ቀረ። መጠበቅ ነበረብኝ። አዲሱ ልብስ አየሩን ገና አልለቀቀም፤ እሱም ትንፋሹን ይዟል። ስልኬ ጮኸ። አንዲት ባለ አራት ፓውንድ እርሳስ ጨመርኩለት፤ አልሰመጠም። ሌላ አራት ጨመርኩ፤ ዓይኑ ላይ ደረሰ።

እዚህ ላይ ልቆም ይገባ ነበር፤ ትንፋሹ ሲረግብ እነዚያ ስምንት ፓውንዶች ለሲሊንደሩ የሚጨመረውንም ይሸፍኑ ነበር። ግን ፈራሁ። ቀልሎ ቢወጣብኝስ አልኩና ሦስተኛዋን አነሳሁ። ገበያ ውስጥ «መርቂልኝ» ስትባል አንድ እፍኝ ጣል የምታደርግ ሴት አለች አይደል? በቃኝ ያለ እንግዳን እንደማጉረስም ነው። እንዲህ አልኩት፦

«በሞቴ፣ ይቺን ደግሞ ለምርቃት።»

ቀና ብሎ አየኝ። «አንቱ ካሉ ይሁን ጋሼ» አለኝ።

«ደህና ነህ?»

«አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።»

ወረደ።

ከታች የሆነውን በኋላ ነው የተረዳሁት። ያለ ልኩ የከበደ ሰው ጭቃ ላይ አይቆምም፤ ይገባበታል። ኑሩ እስከ ጉልበቱ ገባ። ራሱን ለማቅለል ደረቱ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭኖ ልብሱ ውስጥ አየር ጨመረ፤ የእኔን ምርቃት ለመሸከም የሚሆን አየር። ከዚያ ማያያዣውን ሊያጠብቅ ጎንበስ አለ። አየር የሚሄደው ምንጊዜም ወደ ላይ ነው፤ ጎንበስ ያለ ሰው ደግሞ ከላይ ያለው ወገቡና እግሩ ነው። ያ ሁሉ አየር ወደ እግሩ ሮጠና ከጭቃው ነቅሎ ዘቀዘቀው። ማስወጫው ክንዱ ላይ ነው፤ ክንዱ ግን አሁን ከታች ሆኗል። ወደ ላይ በወጣ ቁጥር አየሩ ይሰፋል፣ በሰፋ ቁጥር ፍጥነቱ ይጨምራል።

እጄ ላይ ያለው ገመድ ረገበ። ሰበሰብኩት፤ አሁንም ረገበ። ጭንቅላት ስጠብቅ ሁለት ጫማ ከውሃው ብቅ አለ። ጫማ ብቻ። ሲወጣ የዶኩ ገመድ ፊቱን መትቶት አየር የሚስብበት ከአፉ ወልቆ ነበር። ዘልዬ ገባሁ። ቀበቶውን ፈትቼ እርሳሱን ለሐይቁ ለቀቅሁ፤ ገልብጬ ፊቱን ወደ ሰማይ አዞርኩት። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። ስሙን እየጠራሁ፣ እመብርሃንን እየጠራሁ፣ አንዱን ከሌላው እየቀላቀልኩ ጮህኩ። እዚያ ያለው ነዳጅ ቀጂ ሮጦ መጥቶ አብሮኝ ጎተተው። ዶኩ ላይ ሁለቴ ትንፋሽ ሰጠሁት፤ ሦስተኛውን ልሰጥ ስል ውሃ አስመለሰና ሳለ። በሕይወቴ እንደዚያ ሳል ያማረ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

ሆስፒታል አስተኙት። ሳንባው ውሃ ገብቶበት ነበር፤ ግን ይድናል ተባለ። እኔም እፎይ አልኩና ክፉ ሥራዬን ሠራሁ።

ብራያን የሚሞላው ፎርም ላይ «እርሳሱን የወሰነው ማን ነው?» የሚል ጥያቄ አለ። ሆስፒታል ሄዶ ኑሩን ጠየቀው። ኑሩ፣ «ራሴ ነኝ፤ ጌታሁን ከለካኝ በኋላ ሳያየኝ ጨመርኩ» አለው። ብራያን ወዲያው ደወለልኝ። «የተለካውን የሚቀይር ሰው ማሠራት አልችልም፤ እስከ ዓርብ አሰናብተዋለሁ» አለኝ። እኔ ምን አልኩ? «እሺ» አልኩ። ስልሳ አንድ ዓመቴ ነበር። የአልማዝ መድኃኒት በእኔ ኢንሹራንስ ነው የሚገዛው። በዚህ ዕድሜ ማን ይቀጥረኛል እያልኩ ሦስት ቀን ዝም አልኩ። አልማዝ ምን ሆነሃል ስትለኝ፣ ደህና ነኝ አልኳት። በራሴ አፈርኩ፤ ግን ከማፈር አልፌ አፌን አልከፈትኩም።

በአራተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ኑሩ ቤቱ መመለሱን ሰምቼ ሄድኩ። ዘሀራ ከፈተችልኝ። ኑሩ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ነበር፤ ሲያየኝ ሊነሳ ሞከረ።

«ተቀመጥ፣ በማርያም» አልኩት። «ለምንድን ነው ለብራያን እንደዚያ ያልከው?»

«ጋሼ፣ እኔ የትም ዌርሃውስ ጃብ አገኛለሁ። ለአንቱ ግን ኢንሹራንሱ ያስፈልግዎታል። ሶ… ምንም አይደል።»

ዘሀራ ከማዕድ ቤቱ በር፣ «ምንም አይደል ይላል እንዴ! ንገራቸው እንጂ» አለች።

«ተይ ዘሀራ።»

«አልተውም። ከባድ እንደሆነ ታውቆት ነበር ጋሼ። ከመውረዱ በፊት ታውቆት ነበር።»

ኑሩን አየሁት። ጣቶቹን ያፍተለትላል። «ማለቴ… ያቺን የመጨረሻዋን ሲጨምሩልኝ ፊል አድርጌው ነበር» አለ። «ከበደኝ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አላልክም?»

«እንዴት ብዬ? አንቱ እያልኩ፣ ተሳስተዋል ልበል? እኔ እንደዚያ ሆኜ አላደግሁም ጋሼ።»

ሦስት ቀን ሙሉ ስረግም የነበረው እርሳሱን ነው። ሰውየው ግን ሐይቁ ውስጥ ሞቱን ይዞ የወረደው እኔን ላለማስቀየም ብሎ ነው። ያ ሲያስደስተኝ የኖረው አክብሮት ነው አፉን የዘጋው። ደግሞ አሁን ለእኔው ሲል እንጀራውን ሊያጣ ነው። አለቀስኩ። ዘሀራ ውሃ አመጣችልኝ፤ እሱን እንኳ አልጠጣሁም።

ከዚያ በቀጥታ ፍሪስኮ ነዳሁ። ብራያን ፊት ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት፤ የጨመርኩትንም፣ ዝም ያልኩትንም። የበለጠ የተቆጣው በዝምታዬ ነው። ኑሩ ሥራው ላይ ቀረ። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ሰው መለካቱንም ተነጠቅሁ፤ ከልጆቼ ከሚያንሱ ሰዎች ጋር ኮርሱን ከሀ ጀምሬ ተማርኩ። ኑሩ ሲያገግም መለካቱ ለእሱ ተሰጠ።

የተመለሰ ዕለት ዶኩ ላይ ያዝኩት። «እዚህ ላይ ስንሆን አንቱ የለም» አልኩት። «ከመኪና ማቆሚያው ወዲያ እንደፈለግህ።»

«ጋሼ፣ አፌ እሺ አይለኝም። ለምን በኢንግሊሽ አናወራም? ዩ ለሁሉም ዩ ነው።»

«በእንግሊዝኛ የሚሸሽ ነገር አይደለም። አንተ በለኝ።»

የሚሰማ ሰው እንዳለ ዙሪያውን ቃኘ። «አንተ…» አለና አፉን በመዳፉ ያዘ። ሁለታችንም ሳቅን። ወራት ፈጀብን። መጀመሪያ «ክንድህን ያንሱ» ይለኝ ነበር፤ ግማሹ አንተ፣ ግማሹ አንቱ። አንድ ጊዜ ስልክ ላይ ስናወራ አልማዝ ሰማችውና፣ «ይሄ ሰውዬ ናቀህ እንዴ?» አለችኝ። አይ፣ ሥራ ላይ ነን አልኳት። ቀስ በቀስ አፉ ለመደ፤ ለክቶኝ እርሳስ ሲቀንስብኝም ማፈሩን ተወ። ሦስት የብርድ ወቅት እንዲህ አብረን ሠራን።

ባለፈው ጥር እንደ ልማዳችን መሰላሉ አጠገብ ገባሁ። ቀላል ሥራ ነበር፤ የአንዲት ማያያዣ። ኑሩ ዶኩ ላይ ተንበርክኮ ያየኛል።

«ግራ ክንድህን አንሳ» አለኝ።

አነሳሁ።

«ወደ ቀኝ ሳታዘነብል።»

ግራ ክንዴ ከአንድ ዓመት ወዲህ ከጆሮዬ በላይ አይሄድም። ለማንም አልተናገርኩም። ሰውነቴን በማዘንበል ማስወጫውን ከላይ ማድረግ ለምጄ ነበር፤ ማንም አይቶ የሚያውቅ አልመሰለኝም። ቀጥ ብዬ ሞከርኩ። ክንዴ መሃል ላይ ቆመ። አየሩም አልወጣም፤ ልብሱ ትከሻዬ ላይ እንደተነፋ ቀረ። ኑሩ አልጨመረልኝም፣ አልቀነሰልኝም። ጠበቀ። እኔም አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። አሁንም ጠበቀ።

«ውጣ» አለኝ።

«አንዲት ማያያዣ እኮ ናት ኑሩ።»

«ጌታሁን፣ ዛሬ አትገባም።» ጋሼን እንኳ ዘለላት።

«ነገስ?»

ወደ ሐይቁ ዞር አለ። ዓይኑ ቀልቷል። «ነገም አትገባም» አለኝ።

ተናደድኩ። ማን ሆነህ ነው ልለው ነበር። ግን ፊቱን አየሁት፤ ይህን ለመናገር ምን ያህል እንደከበደው አየሁ፤ ቢሆንም ተናገረ። በቀኝ እጄ መሰላሉን ያዝኩ፤ በግራዬ ራሴን መሳብ አልቻልኩም።

«እሺ ጌታዬ» አልኩት፣ «እጅዎን ያቀብሉኝ።»

ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። በሁለት እጁ ጎትቶ አወጣኝ።